ናቹራል ወይስ ሶሻል? 11ኛ ክፍል ከመግባት በፊት ቤት ውስጥ መመዘን ያለበት ምርጫ

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ የ10ኛ ክፍል ካርድ በተሰጠ ማግስት አንድ አባት መጡ። ገና ወንበር ሳይስቡ "ቲቸር፣ ልጄ ሰነፍ ናት እንዴ?" አሉኝ። ልጅቷ ከክፍሏ አራተኛ የወጣች ናት። ኧረ በፍጹም አልኳቸው። "ታዲያ ሶሻል ልግባ የምትለኝ ምን ሆና ነው?"

ለሁለቱም ስትሪም፣ ለተፈጥሮ ሳይንሱም (ናቹራል) ለማኅበራዊ ሳይንሱም (ሶሻል)፣ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ናቹራሎቹ ክፍል፣ ከእረፍት በኋላ ሶሻሎቹ ዘንድ። የእኚህን አባት ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። እናቶች አለዝበው ይጠይቁታል፣ አጎቶች ይቆጣሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቁም፤ ጓደኛቸው የሞላውን አይተው ይሞላሉ። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ያው ነው፦ ሰቃይ ናቹራል ይገባል፣ ያልሆነለት ሶሻል። እንዲህ የሚያስብ ቤተሰብ ልጁን ከአክስት ልጅ ጋር ሲያወዳድር ይከርምና ትምህርቶቹን ሳያወዳድር ቅጹን ይፈርማል። እኔ እዚህ የማወዳድረው ትምህርቶቹን ነው።

ግማሹ ፈተና ያው ነው

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አሁን ባለበት ሁኔታ ለሁለቱም ስድስት ትምህርት ነው፤ የሚታረመውም ከ600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ (አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ፈተና) ሁሉም ይፈተናቸዋል፤ የሒሳቡ ወረቀት ብቻ ለናቹራልና ለሶሻል ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ናቹራሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ይቀመጣል፤ ሶሻሉ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ላይ። እንግዲህ ያ ሁሉ የቤት ውስጥ ክርክር የሚመለከተው 300ውን ነጥብ ነው። ሌላው 300 የትም ቢገቡ ይከተላቸዋል።

ይህን በቁጥር ሳሳያቸው ብዙ ወላጆች ዝም ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ያስፈልጋል። በጋራ ትምህርቶቹ በአማካይ 60 የሚያመጣ ልጅ 180 ይዞ ነው የሚጀምረው፤ ከቀሩት ሦስት 40፣ 40 ቢያመጣ አለፈ። በጋራዎቹ 35፣ 35 የሚያመጣ ግን በእጁ ያለው 105 ነው፤ ለማለፍ በቀሩት በእያንዳንዳቸው 65 ማምጣት አለበት። ስለዚህ "የትኛው ስትሪም?" ከማለት በፊት የልጁን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ውጤት አውጥቶ ማየት ነው። እዚያ ጋ ቀዳዳ ካለ፣ ክረምቱን ስለ ስትሪም በመከራከር ከማሳለፍ ቀዳዳውን መድፈን ይሻላል። አስጠኚ የሚቀጥር ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የፊዚክስ አስጠኚ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

"ሶሻል ይቀላል"

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በዚያ ዙር ከ339,642 የናቹራል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 22,936 ሲሆኑ ይህም 6.8 በመቶ ነው። ከ556,878 የሶሻል ተፈታኞች ደግሞ ያለፉት 6,973 ናቸው፤ 1.3 በመቶ። በጠቅላላው 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆኖ እየተሻሻለ መጥቷል፤ ቢሆንም ገና ከአሥር ተፈታኝ አንድ አልሞላም።

ከዚህ ቁጥር ተነስቶ "እንግዲያው የሶሻል ፈተና ይከብዳል" ማለትም ስህተት ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚሞሉበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ወደ ናቹራል ይገፋል፣ በሒሳብም በእንግሊዝኛም የወደቀው ወደ ሶሻል ይላካል። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ ሲወጣ የምናየው ያንኑ አመዳደብ ነው። ቁጥሩ በእርግጠኝነት የሚናገረው ነገር ቢኖር፣ ሶሻል ገብቶ በቀላሉ ማለፍ የሚባል መጠጊያ አለመኖሩን ነው።

ከሒሳብ ሸሽቶ ሶሻል የገባ ልጅ በየዓመቱ መስከረም ላይ ክፍሌ ውስጥ አገኘዋለሁ። "ቲቸር፣ ሶሻልም ሒሳብ አለ እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አለ። 11ኛ ክፍል ፈንክሽን፣ ማትሪክስ፣ ቬክተር፣ ፕሮባቢሊቲ፤ 12ኛ ክፍል ሲኩዌንስና ሲሪስ፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ የንግድ ሒሳብ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ የመረጠ ደግሞ ካልኩለሱን እንደገና ያገኘዋል፤ ያውም ጠንከር ብሎ። ከሒሳብ መሸሽ ሶሻል ለመግባት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከእንግሊዝኛ መሸሽም እንዲሁ፤ ይህኛው እንዲያውም ይብሳል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አማርኛ ካሉ ቋንቋዎች በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። የፊዚክስ ጥያቄ ሁለት መስመር ሆኖ ከሥሩ ስሌት ነው፤ እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ልጅ ቁጥሮቹን ይዞ ሊወጣው ይችላል። የታሪክ ጥያቄ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ነው ጥያቄው። አራቱም ምርጫዎች እውነት ይመስላሉ፤ የሚለያቸው አንዲት ቃል ናት። በእንግሊዝኛ ገጽ አንብቦ የማይጨርስ ልጅ "ቀላል ነው" ተብሎ ሶሻል ሲላክ፣ ያን ሁሉ የታሪክና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ማን እንደሚያነብለት ጠያቂ የለም።

ሦስቱ ከሦስቱ ጋር

ፊዚክስ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ይጥላል፤ የሚጥላቸው ደግሞ ሰነፎቹን አይደለም፣ ሸምዳጆቹን ነው። እስከ 10ኛ ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ዓይነት ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ፈተና ላይ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ፣ ቀመር የያዘ ልጅ 85 ያመጣል። 11ኛ ክፍል ሲደርስ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንደተጠየቀ፣ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ራሱ መወሰን አለበት። እዚህ ላይ ደብተሩን አገላብጦ "ይህን አልተማርንም" የሚል ልጅ አለ፤ ሥዕል ስሎ፣ ቀስት አስምሮ ከጥያቄው ጋር የሚታገልም አለ። ሁለተኛው ቢሳሳትም ናቹራል ይሆነዋል። የመጀመሪያውን የሚያድነው ይህን ልማድ ቶሎ መቀየር ነው።

ኬሚስትሪ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ልጁ ሞል (የቅንጣቶች መቁጠሪያው አሃድ) ገብቶታል ወይስ አልገባውም? እዚያ ላይ የተንገዳገደ በኢኩሊብሪየምም በኤሌክትሮኬሚስትሪም ይንገዳገዳል። ባዮሎጂ ከሦስቱ ሰፊው ሲሆን ንባብ የሚወድ ልጅ ይከብራል፤ ስሙን ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ መያዝ ግድ ነው።

ወደ ሶሻል ስንመጣ ጂኦግራፊን የዋና ከተማ ስም ማወቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የካርታ ስኬል፣ የአየር ንብረት፣ የሕዝብ ዕድገት ስሌት ያለበት፣ ግራፍ ማንበብ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ታሪክ ስፋቱ ያስፈራል፤ ዓመተ ምሕረት የሚሸመድድ ልጅ መሐል መንገድ ላይ ይደክመዋል፣ አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንዳመጣ የሚጠይቅ ልጅ ግን ሳይታወቀው ይይዘዋል። በሶሻል በኩል የፊዚክስን ያህል የሚያስደነግጠው ኢኮኖሚክስ ነው። ፍላጎትና አቅርቦት በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ መስመሩ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ዋጋው ምን እንደሚሆን ግራፉ ላይ አሳይ ሲባል ነው ክፍሉ ጸጥ የሚለው። ደግነቱ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አስገብቶታል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ውጤት ካርዱ ላይ አለ፤ ወላጅ ግን ፊዚክሱን አይቶ ካርዱን ያጥፈዋል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ባዮሎጂ 94፣ ኬሚስትሪ 91፣ ፊዚክስ 58። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ቤተሰቧ በፊዚክሱ ደንግጦ ሶሻል ሊያስገባት ነበር። የሚታየው ድምር ነው፤ አንድ ደካማ ትምህርት በሌሎቹ ይካካሳል። ሁለት ከሆኑ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሦስቱም ሃምሳዎቹ ውስጥ ሆነው "ዶክተር ትሆናለች" ማለት ልጅቷን መጉዳት ነው። ያቺ ልጅ ናቹራል ገባች፤ ክረምቱን በፊዚክስ ብቻ አሳለፈችው።

በሮቹ

ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ምሕንድስና፣ አርክቴክቸር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ግብርና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ ጂኦሎጂ በናቹራል በኩል ናቸው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ ጋዜጠኝነት፣ ሶሲዮሎጂ፣ ቋንቋና ታሪክ በሶሻል በኩል። ሁለቱ በሮች ግን እኩል አይከፈቱም። ሶሻል ተምሮ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ልግባ ማለት አይቻልም። ናቹራል ተምሮ በኋላ፣ በተለይ በማታና በግል ኮሌጆች፣ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ያጠና ሰው ግን ሁላችንም እናውቃለን። "ገና አልወሰንኩም" ለሚል፣ ውጤቱም በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ለሆነ ልጅ ናቹራልን የምመክረው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ናቹራል የመግባት ግፊቱ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። መንግሥት ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ከሚመድባቸው ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ ሲሠራ ቆይቷል። ያኔ "ናቹራል ቦታ አለው" የሚለው ምክር ስሌት ነበረው። ዛሬ ማጣሪያው 50 በመቶው ነው። 300 ያልሞላ ልጅ የየትኛውም ስትሪም ይሁን ወይ ሬሜዲያል (ያላለፉ ልጆች የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት) ይጠብቃል፣ ወይ በግል ይፈተናል፣ ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ያለፈም ቢሆን ዲፓርትመንቱን ወዲያው አያገኝም። ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት አለ፤ የጋራ ኮርሶች ተወስደው፣ በውጤትና በምርጫ ይደለደላል። ናቹራል ገብቶ ሕክምና ያሰበ ልጅ ፍሬሽማን ላይ ከመላው አገር ሰቃዮች ጋር ይፎካከራል፤ ካልደረሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫው ምን እንደሆነ ዛሬ ጠይቁት። "ሕክምና፣ ካልሆነ ሕክምና" ካለ፣ ስለ ሌሎቹ ዲፓርትመንቶች የነገረው ሰው የለም ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ሆኗል፤ በመንግሥትም በግልም ተቋም። ሳይወዱት ገብተው እየገፉ መመረቅ እንደ ድሮው አይሆንም።

የዓመቱም ነገር አለ። ሕክምና ከስድስት ዓመት አያንስም፣ ምሕንድስናና ሕግ አምስት፣ አብዛኛው ሌላ ዘርፍ አራት። ታናናሾች እያሉበት አንድ ገቢ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ልጁም ማወቅ አለበት።

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። "ሶሻል ሥራ የለውም" አሉኝ። ዶክተር ሆኖ ቅጥር የሚጠባበቅ ወጣት በሰፈራቸው እንዳለ ጠየቅኳቸው። አለ። ሒሳብ ሠራተኛ የማይፈልግ መሥሪያ ቤት ያውቁ እንደሆነም ጠየቅኩ። ሳቁ። የሥራ ገበያው ከስድስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል እኔም እሳቸውም አናውቅም፤ ቃል ልገባላቸው አልፈለግኩም። ከዚያ ልጅቷን ጠራናትና ራሷ ተናገረች። "አባዬ፣ ሕግ ነው የምፈልገው። ባለፈው ዓመትም ነግሬህ ነበር።" የእንግሊዝኛዋ ውጤት 88፣ የሒሳቧ 78 ነው። እኔ የምጨምረው አልነበረም።

ካርዱ ምን ያህል ይታመናል?

ድሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ልጁ ከአገሩ ልጆች መሐል የት እንደቆመ ይነግረው ነበር። እሱ ከቀረ በኋላ በእጃችን ያለው የትምህርት ቤቱ ካርድ ብቻ ነው። በአንዱ ትምህርት ቤት 90 የሆነው በሌላው 65 ነው፤ መምህር ስለሆንኩ ይህን ስናገር ባልደረቦቼ እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ። ተከታታይ ምዘና፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር ነጥብ ሲደመር ውጤቱ ያብጣል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከጠቅላላው ይልቅ የማጠቃለያ ፈተናዎቹን ለይታችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስት ምሽት ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት ከ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ልጁ ያልሠራውን አንድ ጥያቄ ምረጡለትና ግማሽ ሰዓት ስጡት። መልሱን እናንተ ማወቅ የለባችሁም፤ የምታዩት አምስት ደቂቃ ታግሎ ይተወዋል ወይስ ወረቀቱን ይሞላዋል የሚለውን ነው። በሁለተኛው ምሽት ሁለት ገጽ የታሪክ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያንብብና በአማርኛ ያውራችሁ። "ምን ሆነ" ብቻ ካወራ "ለምን?" በሉት። በሦስተኛው ምሽት ወጥ እየተሠራ ሽንኩርት ለምን እንደተወደደ ጠይቁት፤ የነጋዴ ስግብግብነት ብሎ ካቆመ አንድ ነገር ነው፣ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ ነዳጁን አያይዞ ግራፍ ካወጣላችሁ ኢኮኖሚክስ በር ላይ ቆሞ ነው። በሦስቱም ምሽት ሙቀቱ የት እንደጨመረ ማየት ነው፤ ልጅ የሚወደውን ሲሠራ ራት ያስረሳል።

ትምህርት ቤቱንም መዝኑ። የናቹራል ክፍል ከፍቶ ላብራቶሪው ዓመቱን ሙሉ ቁልፍ የሚሆንበት አለ። የፊዚክስ መምህሩ በመጀመሪያው ሴሚስተር ለቆ እስከ ፋሲካ ምትክ ያልተገኘበትም አጋጥሞኛል። ከአስተዳደሩ ይልቅ 11ኛ ክፍል የጨረሱትን ልጆች ጠይቁ፤ ማን አስተማራችሁ፣ ስንት ምዕራፍ ደረሳችሁ፣ ላብራቶሪ ስንት ጊዜ ገባችሁ? ልጆች ይህን አይደብቁም።

ሦስተኛው መንገድ

ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ሰው ማረፊያ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። ከደረጃ 1 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ፣ በብቃት ምዘና የሚረጋገጥ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድ፣ ጀነራል ዊንጌትና እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ስማቸው የታወቀ ነው። ፍሪጅ ፈታቶ የሚገጥም፣ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር የማያስተርፍ ልጅ ካላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይዛችሁት ሂዱና ወርክሾፑን ይየው። ከዚህ በላይ አልልም፤ የብዙዎቹ ተማሪዎቼ ወላጆች ይህን ርዕስ ሳነሳ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ተሳስተን ቢሆንስ?

አብዛኛው ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትሪም መቀየር ይፈቅዳል፤ ማመልከቻና የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል፣ ቦታ ካለ። ከኅዳር በኋላ ግን የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት የሚሞላበት ትምህርት ስለሚጎድል ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ልጁን አንዴ ቁጭ አድርጎ ማናገር ይበጃል። "ከበደኝ" ካለ ምኑ እንደከበደው ጠይቁ፤ አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህር፣ አዲስ ጓደኛ ሁሉም ይከብዳል፣ እሱ ያልፋል። "ሁለት ሰዓት ተቀምጬም ምን እንደተጠየቅኩ አይገባኝም" ካለ ሌላ ነገር ነው።

አምና ጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ላይ አንድ ልጅ ከጠዋቱ ክፍሌ ተነስቶ ከእረፍት በኋላ ወደምገባበት ክፍል ተዛወረ። የአምስት ሳምንት የኢኮኖሚክስና የታሪክ ደብተር ከጓደኛው ተውሶ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ገለበጠ። ሒሳቡን ግን መገልበጥ አላስፈለገውም፤ ያው መጽሐፍ፣ ያው ምዕራፍ፣ ያው እኔ ነበርኩ።